አረንጓዴ ጨርቅ በአረንጓዴ አገር

እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ በበቃው የሚጌል ያንሶ «ክራምብስ» ፊልም ውስጥ ዳንኤል ታደሰ የሚራመድባት ምድር የእኛዋ ኢትዮጵያ ናት። ሰማዩ ላይ የተንጠለጠለችው ግዙፍ የጠፈር መርከብ ግን ቀረጻው ሲካሄድ እዚያ አልነበረችም። እንዲህ በየፊናቸው የተገኙ ምስሎችን ደራርቦ በአንድ ካሜራ የተቀረጹ የማስመሰል ሥራ ዲጂታል ኮምፖዚቲንግ ይባላል። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «አረንጓዴ ጨርቅ ግዛ» የሚል ነው። ካፋ ውስጥ ቦንጋ ላይ ለሚማር ሰው ይህ ምክር ብዙም አይበጅም።

ከጨርቁ በፊት አልፋ ቻናልን ማወቅ ይቀድማል። እያንዳንዱ ፒክስል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ መጠኑ ሌላ አራተኛ ቁጥር ይይዛል፤ 0 ከሆነ ጨርሶ አይታይም፣ 1 ከሆነ ከኋላው ያለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ በሉካስፊልም ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ የድርብርቡን ስሌት አስቀመጡ፤ የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮችም በዚያው ይሠራሉ። ራስ ምታቱ ያለው በ0 እና በ1 መካከል ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ የኋላውን ያሳልፋል፤ የጎፈሬ ጫፍ ግማሹ ፀጉር ግማሹ አየር ነው፤ ከጀበና የሚወጣ እንፋሎት ደግሞ ጭራሽ ጠርዝ የለውም። ነጠላውን በሙሉ 1 ያደረገ ተማሪ ተዋናይዋን ካርቶን አልብሷታል።

አረንጓዴ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በአብዛኛው ካሜራ ውስጥ ከአራት የብርሃን ተቀባዮች ሁለቱ ለአረንጓዴ የተመደቡ ስለሆኑ፣ በዚህ ቀለም የሚገኘው ምስል ይበልጥ ጥርት ይላል። የሰው ቆዳም አረንጓዴ አይደለም። ካፋ ግን ሌላ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት በመዘገበው የዱር ቡና አገር ኮባው፣ የቡናው ቅርንጫፍ፣ ሣር ጉዝጓዙ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ሶፍትዌሩ ጨርቁን አጥፋ ሲባል እነዚህንም በነጠላው ጥለት ላይ ካለው አረንጓዴ መስመር ጋር ይበላቸዋል። ከዛፍ ሥር የቆመ ሰው ጉንጭ ላይም ቅጠሉ ቀለሙን ያንጸባርቃል፤ ባለሙያዎች ስፒል ይሉታል።

ስለዚህ ሰማያዊ ጨርቅ ይሻላል ባይ ነኝ። እንዲያውም ቀዳሚው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 «የባግዳድ ሌባ» ፊልም ላይ ላሪ በትለር በሰማያዊ ነበር የሠራው። ዋጋው ብርሃን ነው፤ ሰማያዊ በጥላ ውስጥ ቶሎ ይደፈርሳል፣ ጨርቁን ከደን ጥላ አውጥቶ ገላጣ ቦታ መስቀል ይጠይቃል። እዚህ ላይ የካፋ ደመናማ ሰማይ ውለታ ይውላል፤ ብርሃኑን እኩል ያዳርሳል፣ በጨርቁ ላይ የሚያስቸግረውን ጥላ ያለሰልሳል። ነገር ግን በደመና የተቀረጸን ሰው ፀሐይ በጠራረገው ሜዳ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ቢለጠፍም ያስታውቃል።

ለሶፍትዌሩ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ብሌንደርም ፊውዥንም በነጻ ይገኛሉ። ጊዜ የሚበላው ሮቶ ነው፦ ጨርቅ በሌለበት የሰውየውን ጠርዝ በእጅ መከተል። በሰከንድ 25 ፍሬም ከተቀረጸ 10 ሰከንድ 250 ምስል ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ በመሃል ቢያግዝም በንፋስ የሚወዛወዝ የእንሰት ቅጠል ላይ ሲደርስ እጁን ይሰጣል።

እዚያው ካፋ ወዳለው ባርታ ፏፏቴ ካሜራ ይዞ የሚሄድ ጀማሪ ትሪፖዱን ተክሎ፣ ተዋናዩ ከመግባቱ በፊት ባዶውን ቦታ ጥቂት ሰከንድ ይቅረጽ። በኋላ ከፍሬሙ መውጣት ያለበት መንገደኛ ቢገኝ፣ የሚሸፈነው ከዚያ በተቆረጠ ምስል ነው።