ባለ ራስ አበቦች በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ

ከሆላንድ አገር ታሽገው የሚመጡት የቱሊፕና የናርሲስ ራሶች፣ በመያዣቸው ላይ የታተመው ሥዕል እጅግ ያማረ ስለሆነ፣ የገዥን ዓይን ለመሳብ ብዙ ድካም አይጠይቁም። ነገር ግን ሥዕሉን ብቻ አምኖ ዕቃውን ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የሚያስጭን ነጋዴ፣ ደንበኛው ከወራት በኋላ «ቅጠል አየሁ እንጂ አበባ አላየሁም» ብሎ ሲመለስበት የሚሰጠው መልስ ሊኖረው ይገባል። መልሱም ከአፈሩና ከውሃው ይልቅ በብርዱ ላይ ይገኛል።

ባለ ራስ አበባ የምንለው፣ እንደ ቀይና እንደ ነጭ ሽንኩርት ስንቁን በምድር ውስጥ በራሱ አከማችቶ፣ ወራቱ ሲደርስ ከዚያው ስንቅ የሚያብበውን ተክል ነው። ቱሊፕ በአውሮጳ በጥቅምትና በኅዳር ተተክሎ፣ የበረዶውን ወራት በምድር ውስጥ አሳልፎ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ያብባል። በራሱ ውስጥ ያለው የአበባ እንቡጥ አገዳውን አርዝሞ እንዲወጣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ የማይቋረጥ ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። የነፋስ መውጫን ቁር የቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ከተማይቱ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ በጉና ተራራ አካባቢ ያለች ናትና። ይሁን እንጂ በእኛ ደጋ ሌሊቱ ውርጭ ቢጥልም፣ ረፋዱ ላይ የሚወጣው ፀሐይ አፈሩን መልሶ ያሞቀዋል። ቱሊፕ የሚሻው ብርድ ሌት ከቀን ሳይቋረጥ የሚሰነብተውን ነው።

ስለዚህ ቱሊፕን መሸጥ የሚፈልግ ባለ ሱቅ አስቀድሞ የበረደ ራስ ማዘዝ፣ ወይም ራሱን በወረቀት ከረጢት አድርጎ በማቀዝቀዣ (በረዶ በማይሠራው ክፍል እንጂ በረዶ በሚሠራው አይደለም) ለሦስት ወር ያህል ማቆየት ይኖርበታል። በዚያው ማቀዝቀዣ ፖም ወይም ሌላ የሚበስል ፍሬ ማኖር አይገባም፤ ከፍሬው የሚወጣው ኤቲሊን የተባለው ጋዝ በራሱ ውስጥ ያለውን እንቡጥ ይገድለዋልና። የበረደው ራስ በሞቀ መደርደሪያ ላይ ከሰነበተ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን፣ ከማቀዝቀዣ በወጣ ጊዜ ወዲያውኑ መተከል አለበት። ለዚህም ከሥሩ የተበሳ የሸክላ ማሰሮ ወይም ጣሳ ከአትክልት መደብ ይልቅ ይመቻል፤ ወደ ጥላ ወስዶ ማቀዝቀዝ ይቻላልና። በእንዲህ ያለ አኳኋን ያበበ ቱሊፕ በሁለተኛው ዓመት እምብዛም ስለማያብብ፣ የአንድ ጊዜ ዕቃ መሆኑን ለገዥው አስቀድሞ መንገር የሻጩ ግዴታ ነው። ሆላንዶች ራሳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1637 ዓ.ም. የቱሊፕ ራስ ዋጋ በድንገት ሲወድቅ ብዙ ሰው በውል እዳ ተይዞ እንደ ነበረ ነጋዴ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው።

የናርሲስን ራስ በሚመለከት ከገንዘብ የከበደ ጉዳይ አለ። ይህ ራስ ቅርፊቱም መልኩም ሽንኩርት ይመስላል፤ መርዝ ግን አለው። ከሽንኩርት ጋር ተቀላቅሎ ወጥ ቤት የገባ እንደ ሆነ ማስመለስና የሆድ ሕመም ያመጣል። ምግብና ቅመም በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ከሽንኩርቱ ጆንያ ርቆ፣ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ። በየዱሩ «የጅብ ሽንኩርት» እየተባሉ የሚጠሩትም ራሶች እንዲሁ መርዛሞች ስለሆኑ፣ ለአትክልት ጌጥ ብሎ ቆፍሮ የሚያመጣ ሰው ጥንቃቄ አይለየው።

ሌላው የሽንኩርት ዘመድ የሆኑት የጌጥ አበቦች ናቸው። እነዚህ፣ ነጭ ሽንኩርትን ከሥሩ እየበላ የሚያበሰብሰውን ነጭ ሻጋታ ይዘው ሊገቡ ይችላሉ። የሻጋታው ጥቃቅን ጥቋቁር ፍሬዎች አስተናጋጅ ተክል ባይኖርም እንኳ በአፈር ውስጥ 20 ዓመት ያህል ይቆያሉ። ነጭ ሽንኩርት ለደጋው ገበሬ የገበያ ገንዘብ በሆነበት አገር፣ ለአንድ ማሰሮ አበባ ሲባል እርሻ ማበላሸት የሚያዋጣ አይደለም። የተክል ማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የተሰጠ የተክል ጤና ምስክር ወረቀት የሚጠየቀውም ስለዚህ ነው እንጂ ነጋዴን ለማጉላላት አይደለም።

በእኛ አስተያየት፣ ለእነዚህ ወረዳዎች ከሁሉ የተሻለው ራስ የራሳችን አገር ተወላጅ ነው። ሆክሽቴተር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በፈረንጆች 1844 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ በተገኘ ናሙና አሲዳንቴራ ብሎ የሰየመው፣ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ግላዲዮለስ ሙሪዬሌ የሚባለው ተክል፣ ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ሞዛምቢክ ድረስ በዱር ይበቅላል። አበባው ነጭ፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ሲሆን፣ በምሽት መልካም ሽታ ይሰጣል። የሆላንድ ነጋዴዎች ራሱን አባዝተው በየዓለሙ ሲሸጡት የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ እያሉ ይጠሩታል። የስሙ ባለቤት የሆነች አገር ራሱን ከውጭ ማዘዟ ጥቂት ያስገርማል።

ይህ ተክል የበረዶ ወራት አይሻም፤ በዝናብ አድጎ በበጋ ያርፋል፤ ይህም የክረምታችንና የበጋችን ሥርዓት ነው። በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመካከሉም 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተሰጥቶ ይተከላል። በሦስት ወር ገደማ፣ ቅዝቃዜ በበዛበት ስፍራ ከዚያ ዘግይቶ ስለሚያብብ፣ አበባው ከአደይ ጋር ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሊደርስ ይችላል። በስማዳና በእስቴ ዋልካ አፈር ላይ ውሃ ከተኛበት ራሱ ይበሰብሳልና መደቡ ከፍ ተደርጎ አሸዋና የበሰለ ፍግ ይቀላቀልበት። በላይ ጋይንት ከፍተኛ ቦታ ግን ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር በማሰሮ መትከል ይሻላል።

አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ድረስ አይቆረጥ፤ የመጪውን ዓመት ስንቅ የሚያዘጋጀው እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ፣ ውርጩ ሳይጠና፣ ራሱ ተቆፍሮ በጥላ ይደርቃል፤ በሰፌድ ተሰጥቶ ነፋስ በሚያገኝበት ደረቅ ስፍራ ይቀመጣል። በዙሪያው የሚገኙት ጥቃቅን ልጆች ተለይተው በሚቀጥለው ሰኔ ቢተከሉ፣ አብዛኞቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ለሽያጭ ይደርሳሉ።