«ማሻአላህ፣ ወፍሯል!»

በወሎዋ ከሚሴ ጉንጩ የሞላ ልጅ ያየ ሰው «ማሻአላህ» ሳይል አያልፍም። ምክንያት አለው። የ1966ቱንና የ1977ቱን የወሎ ረሃብ ያሳለፉ አያቶች ዛሬም በየቤቱ አሉ፤ ለእነሱ ክሳት ሞትን፣ ውፍረት ደግሞ በረካን ያስታውሳል። ስጋታቸውም ጊዜ ያለፈበት አይደለም፦ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ።

ታዲያ «ውፍረት የከበርቴ አገር ጣጣ ነው» የሚሉት ልክ ናቸው? በከፊል። የሚረሱት የቀነጨረ ልጅም ሊወፍር መቻሉን ነው። ቁመቱ ሳይጨምር ኪሎው ሲጨምር ቤተሰብ «አገገመ» ብሎ ይደሰታል። ዓይን ስለሚያታልል ክብደቱ ከቁመቱና ከዕድሜው ጋር በጤና ጣቢያ ይታይ።

«ሲያድግ ይረግፍለታል» የሚባለው ለአንዳንዱ ይሠራል። ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ የወፈረ ልጅ ግን ጎልምሶም ወፍራም የመሆን ዕድሉ ከእኩዮቹ የሰፋ ነው፤ የስኳር ሕመምና የደም ግፊትም ሊከተሉት ይችላሉ።

«ሙቀት ነው፣ ለስላሳ ይጠጣ» ለሚሉ አንድ ቁጥር ይበቃል። በአንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ እንኳ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ስኳር የተጨመረበት ጁስም ከለስላሳ ብዙ አይሻልም። ለጥም ውሃ አለ። ለረሃብ ደግሞ የማሽላ እንጀራ በሽሮና በጎመን ምን በደለ?

ከሁሉ የከፋው «እራቱን ይከልከል» የሚለው ነው። ልጅ ገና እያደገ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ክብደቱ ባለበት ቆይቶ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። ለእሱ ብቻ የተለየ ሳህን ማቅረብም ሆነ «ዱባ» እያሉ መጥራት ያሸማቅቀዋል፣ ተደብቆ እንዲበላም ያደርገዋል። የሚለወጠው የቤቱ ማዕድ ነው፦ የአባት ለስላሳ፣ የእናት ሻይ ላይ የሚወርደው ስኳር፣ አያት በፍቅር የምትደጋግመው ጉርሻ። ለተማሪ ልጅ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ከሆነ ባጃጁ ቀርቶ በእግሩ ይሂድ።

ሌሊት የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ወይም ውሃ ጥሙና ሽንቱ የበዛ ወፍራም ልጅ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።