የጠላ በርሜል ቧንቧ ሲጣበቅ ስለሚደረገው ነገር

በጋምቤላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ከበቆሎና ከማሽላ መጠጥ የሚጠመቅባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከደጋው አገር ወደዚያ የሰፈሩት ሰዎች ደግሞ የጠላውንና የአረቄውን ሙያ ይዘው ወርደዋል። በጋን ፈንታ የፕላስቲክ በርሜል ይዞ፥ ከበርሜሉ ግርጌ የናስ ቧንቧ የሚያስገጥም ሰው ይገኛል። ይህ ቧንቧ አንድ ቀን አልዞር ያለ እንደ ሆነ ባለቤቲቱ መዶሻ ወይም ፒንሳ ታነሣለች። በርሜሉም ይሰነጠቃል፥ ለገበያ የታሰበው ጠላ መሬት ይጠጣዋል። የልጆቿን ደብተር በዚያ ጠላ ለምትገዛ እናት ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

አስቀድሞ የቧንቧውን አሠራር ማወቅ ይገባል። በናሱ አካል ውስጥ እንደ ውታፍ ወደ ታች የሾለ ቁልፍ አለ፤ እርሱም መካከሉን የተበሳ ነው። እጀታው ሲዞር ቀዳዳው ከመፍሰሻው ጋራ ይገጥማል፥ ጠላውም ይወርዳል። ሩብ ዙር ሲመለስ ደግሞ የቁልፉ ጎን መፍሰሻውን ይደፍነዋል። በቁልፉና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ የጠበበ ስለ ሆነ፥ ጉሹ ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ከዚህም በላይ ጠላ ኮምጣጣ ነውና ናሱን እየበላ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ይህ ዝገት የገባበት መጠጥ ሆድ ይቆርጣል፥ ያስመልሳል።

ሁለተኛው ነገር አየሩ ነው። እርሾ ጣፋጩን ሲበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ያስገኛል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ እስከ 40 ድግሪ የሚደርስበት ቀን አለ፤ በእንዲህ ያለው ሙቀት እርሾው ይቸኩላል። የጋን አፍ በጭቃ ቢመረግም አየሩ በጭቃው ስንጥቅ ሹልክ ይላል። ክዳኑ ተጠምዝዞ የተዘጋ በርሜል ግን መውጫ የለውም። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ሥፍራ ከተሰጣቸው በኋላ፥ በክረምት ከካርቱም ወደ ጋምቤላ ይመጡ የነበሩት መርከቦች በእንፋሎት ይሄዱ ነበር። በእንፋሎት ማፍያ ላይ ግፊቱ ሲበዛ በራሱ የሚከፈት መክፈቻ ይደረጋል፤ እርሱ ከተጣበቀ ማፍያው ይፈነዳል። በርሜሉ ይህን የመሰለ መክፈቻ ስለሌለው ክዳኑን ላላ አድርጎ መተው ነው።

እንግዲህ ቧንቧው ሲጣበቅ ከሁሉ አስቀድሞ ፊትን ዘወር አድርጎ ክዳኑን በጥቂት በጥቂቱ ማላላትና አየሩን ማስወጣት ይገባል። ከዚያም ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክሮ፥ ጨምቆ፥ በናሱ ላይ መጠምጠምና ሲበርድ መለወጥ ነው። ሙቀቱ የደረቀውን ጣፋጭ ያሟሟዋል፤ የውጪውም አካል ከውስጡ ቁልፍ ቀድሞ ስለሚሞቅ ጥቂት ሰፋ ይላል። በርሜሉ እንዳይጎዳ ቧንቧውን በአንድ እጅ ደግፎ፥ በሌላው እጀታውን ወዲህና ወዲያ በጥቂቱ ማነቃነቅ ነው እንጂ በኃይል መጠምዘዝ አይገባም።

ይህም ካልረዳ ንጹሕ የጎማ ቱቦ ውሃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ በጣት ይደፍኑታል፤ አንዱን ጫፍ ከላይ በጠላው ውስጥ፥ ሌላውን ከበርሜሉ ግርጌ ዝቅ ባለ ዕቃ ላይ አድርገው ይለቁታል። መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ከዚያ ጠላው በራሱ ክብደት ተስቦ ይወርዳል። በርሜሉ ባዶ ሲሆን የቁልፉን ማሰሪያ ፈትቶ፥ ከቀጭኑ ጫፍ በእንጨት ቢገፉት ይወጣል። አረንጓዴውን ዝገት በሎሚና በጨው አሽቶ በብዙ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ሲመልሱት ብዙዎች የኑግ ዘይት ይቀቡታል፤ መልካም አይመስለኝም። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ውሎ አድሮ ራሱ ሙጫ ይሆናልና። ንጹሕ ሰም ከጥቂት ሞራ ጋራ አቅልጦ በስሱ መቀባት ይሻላል። ማጃንጎች በጫካቸው ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ማር ስለሚቆርጡ፥ በዚያ አገር ሰም አይቸግርም።

የአረቄ ነገር ግን ሌላ ነው። እንፋሎቱ በሚያልፍበት ሸምበቆ ላይ መዝጊያ ያለው ቧንቧ መግጠም ፈጽሞ አይገባም። አልኮል በ78 ድግሪ ገደማ፥ ማለት ከውሃ አስቀድሞ ይፈላል፤ እንፋሎቱም እሳት ሲያገኘው ይቀጣጠላል። እሳቱ እየነደደ ጠብታው ከቆመና የተለጠፈው ጭቃ ሲያፏጭ ከተሰማ ሸምበቆው ተደፍኗል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ልጆችን ማራቅ፥ ማገዶውን ከሥር ጎትቶ ርቆ ማጥፋት፥ ማሰሮው እስኪበርድም መጠበቅ ነው፤ በትኩሱ የከፈተ ሰው ፊቱን ያቃጥላል። ሸምበቆውን የሚደፍነው አብዛኛውን ጊዜ ገንፍሎ የሚወጣው ድፍድፍ ስለ ሆነ ማሰሮውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አለመሙላት ነው። ብዙ ቀን የተቀመጠውንም ሸምበቆ ከመግጠም አስቀድሞ ውሃ አፍስሶበት በሌላው ጫፍ መውረዱን ማየት ይገባል፤ ተርብ ጎጆዋን በውስጡ ትሠራለችና።