ሁለት እግር አለኝ ተብሎ…

እዚህ ሚኒሶታ ከተወለደው ልጄ ጋር ፋንታሲ ፉትቦል እንጫወታለን። ጨዋታው በወረቀት ላይ ቡድን መርጦ፣ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ መቁጠር ነው። ለ2025 (እ.ኤ.አ.) ውድድር ምርጫችን ከሁለት ዝነኛ ኳስ ተቀባዮች አንዱ ነበር፤ የሲንሲናቲው ጃማር ቼዝ ወይም የሚኒሶታው ጀስቲን ጄፈርሰን።

የጋዜጠኝነት ልማድ አልለቅ ብሎኝ አሃዝ ደመርኩ። በ2024 ቼዝ 127 ኳስ ተቀብሎ 17 ተችዳውን አስቆጥሯል፤ ጄፈርሰን 103 ተቀብሎ 10።

«ቼዝን እንውሰድ» አልኩ።

«አባዬ፣ የኛው ሰው እያለልን?» አለኝ።

ደነገጥኩ። እኔ «የኛ» ስል ሁሌም አገር ቤትን ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እኔ ግን ይኸው ስንት ዓመት ስሞክር! ልጄ ዛፉን መርጧል።

ጄፈርሰንን ወሰድን። ነጥቡ ይቅር።