ማደያ ከመተከሉ በፊት፦ የሊዝ መሬት ጉዳይ በሸዋ ሮቢት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚነዳ ሹፌር የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ ከኋላው ይቀራል፤ የይፋት ቆላ ይቀበለዋል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። ወደ አጣዬ፣ ከሚሴና ኮምቦልቻ የሚቀጥለው አውቶቡስም ሆነ የጭነት መኪና እዚህ ይቆማል፣ ይበላል፣ ነዳጅ ይሞላል። ከተማው ውስጥ ባጃጁ አለ። በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ዳርቻ ደግሞ ሽንኩርትና አትክልት የሚያለማው ገበሬ አለ፤ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ ያለ ነዳጅ አይነሣም። ማሳው ውኃ በሚፈልግበት ሳምንት ቤንዚን ከጠፋ ቡቃያው ይደርቃል። እንዲህ ባለ አካባቢ ማደያ መክፈት ለከፋቹ ገቢ፣ ለአካባቢው ትልቅ አገልግሎት ነው። ይህን ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው ግን የመሬቱን ጉዳይ ነው።

ሥራው ውስጥ ማን ምን እንደሆነ እንለይ። የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነዳጁን ከውጭ ያስገባል። እንደ ኖክ፣ ኦላ ኢነርጂና የተባበሩት ብሔራዊ ፔትሮሊየም ያሉ ኩባንያዎች ያከፋፍላሉ። ዲለር የሚባለው በኩባንያው ስምና ቀለም ማደያውን ይዞ ለሕዝብ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። ዘርፉን የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይቆጣጠራል። የሊትሩን ዋጋ መንግሥት ስለሚተምነው ዲለሩ ዋጋ ጨምሮ ማትረፍ አይችልም፤ ድርሻው በሊትር የተፈቀደለት ህዳግ ነው። ስለዚህ አዋጭነቱን የሚወስነው በቀን የሚቀዳው መጠን ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ደግሞ ቦታው ነው። ኩባንያ ከአመልካች ጋር ሲነጋገር ቀድሞ ስለ መሬቱ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

መሬቱ የሚገኝባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች የገጠሩንም የከተማውንም መሬት ወደ መንግሥት ካዞሩ ወዲህ መሬት በግል አይሸጥም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። በከተማ ሰው የሚይዘው ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብትን ነው፤ የይዞታ ሥርዓቱም ሊዝ ነው። ሊዝ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ተጀምሮ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 272፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 ተተካ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቁጥሮች ከ2004ቱ አዋጅ የተወሰዱ ናቸው።

በአዋጁ መሠረት የሊዝ ዘመኑ እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ለንግድ በአዲስ አበባ እስከ 60 ዓመት፣ እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ ሌሎች ከተሞች እስከ 70 ዓመት ይሰጣል። ማደያ ንግድ ነውና መደበኛው መግቢያው ጨረታ ነው። አዋጁ የሚያውቀው ሌላው መንገድ ምደባ ነው፤ እርሱ ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለማኅበራዊ አገልግሎትና በልዩ ሁኔታ ለሚታዩ ፕሮጀክቶች የታሰበ ስለሆነ አንድ ነጋዴ ተስፋውን እዚያ ላይ ባይጥል ይመረጣል።

የጨረታውን ሒሳብ በምሳሌ እንየው። የከተማው አስተዳደር 1,500 ካሬ ሜትር ቦታ አወጣ እንበል፤ መነሻ ዋጋው በካሬ 400 ብር ይሁን። ጠቅላላ መነሻው 600,000 ብር ይሆናል። የጨረታ ማስከበሪያው ከዚህ ከ5 በመቶ ስለማያንስ ተጫራቹ ቢያንስ 30,000 ብር በሲፒኦ አሠርቶ፣ ከሞላው ሰነድ ጋር በፖስታ አሽጎ ሣጥኑ ውስጥ ይከታል። በካሬ 2,000 ብር ሰጥቶ ካሸነፈ የሊዙ ጠቅላላ ዋጋ 3,000,000 ብር ነው። ቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ ስለማያንስ ቢያንስ 300,000 ብር ከፍሎ ውል ይፈርማል። ቀሪው በየዓመቱ ከነወለዱ ይከፈላል። አሸናፊ ልሁን ብሎ በስሜት ዋጋ የሰቀለ ሰው እዚህ ላይ ይጎዳል፤ የሊዙ ዕዳ በየዓመቱ ይመጣል፣ የሊትሩ ህዳግ ግን በመንግሥት የተወሰነ ነው።

ውሉ ሲፈረም ጊዜው መቁጠር ይጀምራል። ግንባታ ተጀምሮ የሚያልቅበት ቀነ ገደብ አለ፤ እንደ ግንባታው ስፋት ለአነስተኛ እስከ 24፣ ለመካከለኛ እስከ 36፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይቀርባል፣ የግንባታ ፈቃድ ይወጣል፣ ከዋናው አስፋልት ለመግቢያና መውጫ የመንገዶች አስተዳደር ይሁንታ ይጠየቃል፣ ታንከርና ፓምፕ ይገዛል። ከኩባንያ ጋር ሳይነጋገር መሬቱን የወሰደ አመልካች ወራቱን በደብዳቤ ልውውጥ ይጨርሳል። ሳይገነባ አሳልፌ እሸጠዋለሁ ቢልም አዋጁ ትርፉን ገድቦታል፤ ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ በሚደረግ ዝውውር ሻጩ የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ሥራ ዋጋና ከዝውውሩ የሊዝ ዋጋ 5 በመቶውን ብቻ ነው።

ነባር ይዞታ ያለውም ሰው ነገሩ አለቀለት ማለት አይደለም። መኖሪያ ቤት የነበረበትን ግቢ ማደያ ለማድረግ የአገልግሎት ለውጥ መፈቀድ አለበት፤ ለውጡም ከከተማው ፕላን ጋር መስማማት አለበት። ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ስለዚህ ገዢው ከቤቱ ዋጋ ሌላ የሊዝ ክፍያ እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያስላ።

በይፋት ቆላ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ከከተማው ወሰን ውጪ ያለው የመንገድ ዳር ማሳ ነው። ሜዳ ነው፣ አስፋልቱን ይዟል፣ ለቦቴ መዞሪያም ይበቃል፤ ዓይን ይስባል። ነገር ግን የገጠር መሬት ነው። ገበሬው በእጁ ያለው የይዞታ ደብተር የመጠቀም መብቱን ያረጋግጣል እንጂ የመሸጥ ሥልጣን አይሰጠውም። በሽማግሌ ፊት የተጻፈና ምስክር የፈረመበት የሽያጭ ወረቀት ሕግ ፊት አይቆምም፤ ኩባንያም ባንክም አይቀበለውም። እንዲህ ያለ መሬት ለማደያ የሚውለው በሕጉ ሥርዓት ሲለቀቅ፣ ባለይዞታውም ካሳውን ሲያገኝ ነው። ይህን አቋራጭ የሚሞክር ሰው ገንዘቡን ያጣል፤ ገበሬውንም ማሳ አልባ ያደርጋል። ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ይከብዳል።

የመሬቱ ወረቀት ሲጸዳ የመሬቱ ጠባይ ይጠናል። ታንከሩ የሚቀበረው ከምድር በታች ነው። ቆላው ላይ በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከተራራው የሚወርደው ደራሽ ጎርፍም አለ። አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ መሆኑም አይዘነጋም፤ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የካራ ቆሬ ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። እንዲህ ባለ ምድር ጉድጓዱ በጥሩ አሸዋ ተሞልቶ፣ ታንከሩ በኮንክሪት መሠረት ላይ ታስሮ ካልተቀመጠ ቧንቧው መጋጠሚያው ላይ ሊላቀቅ ይችላል። የፈሰሰው ናፍጣ የሚሄደው ወደ ጉድጓድ ውኃና ወደ መስኖ ቦይ ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ወንዝ አጠገብ ያለ ቦታ ከመጀመሪያው ቢታለፍ ይሻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

የመጨረሻው ጉዳይ ከኩባንያው ጋር የሚፈረመው ውል ነው። በአንደኛው ዓይነት መሬቱም ግንባታውም የኩባንያው ሆኖ ዲለሩ ያስተዳድራል። በሌላው ዲለሩ መሬቱን ያቀርባል፣ ኩባንያው ታንከር፣ ፓምፕና ምልክቱን ይተክላል። በሁለተኛው ውስጥ የሚገባ ሰው ሦስት ነገር ያረጋግጥ፦ የኩባንያው ውል ከቀረው የሊዝ ዘመን እንዳይበልጥ፣ ውሉ ሲያበቃ ከመሬት በታች ያለው ታንከር የማን እንደሚሆንና ቦታውን ማን እንደሚያጸዳ እንዲጻፍ፣ የሊዙን ዓመታዊ ክፍያ ማን እንደሚከፍል እንዲለይ። ስማቸው አንድ ይምሰል እንጂ ከከተማው ጋር ያለው ውልና ከኩባንያው ጋር ያለው ውል የተለያዩ ናቸው፤ በአንዱ ላይ የተፈጠረ ጉድለት ሌላውን ያፈርሳል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የከተማውን ፕላን ማየት፣ ቀጥሎ ኩባንያው ቦታውን እንዲያይ ማድረግ፣ ከዚያ በአቅም ልክ መጫረት፣ በስተመጨረሻም ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ከሕግ ባለሙያ ጋር ማንበብ። ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ጎራ ብሎ በሥራ ላይ ያለውን መመሪያና የወቅቱን መነሻ ዋጋ መጠየቅ የሚያስከፍለው ግማሽ ቀን ነው፤ መነሻ ዋጋው ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ መከለስ ስላለበት ያምናው ቁጥር ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። በዚህ መንገድ የቆመ ማደያ ለባለቤቱ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሥራ ይሆናል፤ የሮቢ ገበሬም ሞተሩን የሚያስነሣበት ነዳጅ በቅርብ ያገኛል።