ለእኩል የማይከፈል ቁጥር

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በምትገኘው የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ፣ በይጁቤ፣ ስለ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ለመጨዋወት አንድ እፍኝ ባቄላ ይበቃል። አሥራ ሁለት ፍሬ ቆጥራችሁ በረድፍ ደርድሩ፤ ሦስት በአራት ወይም ሁለት በስድስት ይሆናል። አንድ ፍሬ ጨምራችሁ 13 ስታደርጉት ግን፣ ሁሉንም በአንድ መስመር ካላቆማችሁት በቀር፣ ረድፎቹ እኩል አይመጡም። ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው እንዲህ ያለ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር፣ በእንግሊዝኛው ፕራይም ይባላል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው ሦስቱን ያውቃቸዋል፤ 7፣ 11 እና 19ን። የባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ስሌት፣ ቀማሪ የ2018ን አበቅቴ፣ የጨረቃውን ትርፍ ቀን፣ ሲያወጣ 5500 ደምሮ 7518 ይላል፤ በ19 ሲገድፈው፣ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ሲይዝ፣ 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ቀንሶ ወንበሩን 12 ያደርጋል፤ በ11 አባዝቶ 132ን በ30 ይገድፋል። አበቅቴው 12 ሆነ። የጨረቃው ዑደት 19 ዓመት፣ የፀሐዩ ደግሞ 28፣ ማለትም 4 ጊዜ 7፣ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ዑደቶቹ እንደገና አብረው የሚነሡት ከ532 ዓመት በኋላ ነው፤ ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

እነዚህኑ ሦስቱን ይዘን ወደ ግዙፉ እንሂድ። አንድ የጤፍ ፍሬ እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ እያለ 7 ጊዜ ቢታጠፍ 128 ይሆናል። አንድ ሲነሣለት 127 ይቀራል፤ ብቸኛ ነው። 19 ጊዜ ታጥፎ አንድ ሲነሣለት 524,287 ይመጣል፤ እሱም ብቸኛ ነው። ጣሊያናዊው ካታልዲ በ1588 እ.ኤ.አ. ይህን ያረጋገጠው በእጁ እያካፈለ ነው። 11 ላይ ግን መንገዱ ይከዳል፤ የሚመጣው 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው። የእጥፉ ብዛት ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ ፈጽሞ ብቸኛ አይሆንም፤ ብቸኛ ቢሆንም ዋስትና የለም፣ እያንዳንዱ መፈተን አለበት። ከቁጥር ነገር ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በሜርሴን ስም ይጠራሉ። ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚያ በፊት ከታወቁት ሁሉ የሚበልጠው ተገኘ። ያገኘው የኮምፒውተር ቺፕ ኩባንያው የኤንቪዲያ የቀድሞ ባልደረባ ሉክ ዱራንት ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን በሚያውሱበት ጂምፕስ በተባለው ፍለጋ። አንዷ የጤፍ ፍሬ 136,279,841 ጊዜ ታጥፋ አንድ ሲቀነስ የሚመጣው ቁጥር ነው። 41,024,320 አሃዝ አለው፤ በየሰከንዱ አንድ አሃዝ ቢጠራ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ከ474 ቀን በላይ ይፈጃል።

የመጨረሻውን አሃዝ ለማወቅ ግን ቀማሪው የለመደው ግድፈት ይበቃል። 2 እየታጠፈ ሲሄድ መጨረሻው 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ በአራት ይዞራል። 136,279,841ን በ4 ግደፉት፤ 1 ይተርፋል። ስለዚህ እጥፉ በ2 ያልቃል፤ አንዱ ሲቀነስለት ያ ግዙፍ ቁጥር በ1 ያልቃል።