የተቀጡ ጠበቆች በተቆጣጣሪዎቻቸው ላይ የሚያቀርቡት የካሳ ክስ

የተቀጣ ጠበቃ የካሳ ክስ በሥነ ምግባር ጥሰት ፈቃዱ የታገደበት፣ የተሰረዘበት ወይም ሌላ ቅጣት የተወሰነበት ጠበቃ፣ የቀጣውን አካል «ያላግባብ ጎድቶኛል» በማለት በፍትሐ ብሔር ችሎት የሚያቀርበው ክስ ነው። ከይግባኝ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ይግባኝ የሚጠይቀው ውሳኔው እንዲሻር ወይም እንዲሻሻል ነው፤ የካሳ ክስ ግን ፈቃዱ ከተመለሰ በኋላም ቢሆን፣ በመሃል የጠፋው ገቢና የሸሸው ደንበኛ በገንዘብ እንዲተካ ይጠይቃል።

ተቆጣጣሪው ማን ነው?

በኢትዮጵያ መልሱ ጠበቃው በሚቆምበት ፍርድ ቤት ይወሰናል። የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች በአዋጅ ቁጥር 199/1992 እና በሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 መሠረት ለረጅም ጊዜ በፍትሕ ሚኒስቴር፣ በኋላም በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር ቆይተዋል። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የኢትዮጵያ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ተቋም አድርጎ አቋቋመ። ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ለምሳሌ ተማሪ ሁሉ በ1881 ዓ.ም. ውል ስሟን በሚያውቃት በውጫሌ፣ በአምባሰል ወረዳ ፍርድ ቤት የሚቆም ጠበቃ ፈቃዱ የሚመራው በአማራ ክልል ሕግ ነው። ክርክሩ ከፍ ሲል ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ስለዚህ ከሳሹ አስቀድሞ የሚመልሰው ጥያቄ «ማንን ልክሰስ?» የሚለው ነው። ተከሳሹ በስህተት ከተመረጠ ክሱ ዋናው ነገር ሳይታይ ሊዘጋ ይችላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለብቻው ስለ ጠበቆች አይናገርም፤ ጉዳዩ የሚዳኘው ከውል ውጪ በሚደርስ ኃላፊነት ድንጋጌዎች ነው። በአንቀጽ 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ሰውን ከጎዳ ራሱ ይካሳል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ግን ተጎጂው መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትም በኋላ ከሠራተኛው ሊያስመልስ ይችላል። የሥራ ጥፋት የሚባለው ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት በቅን ልቦና ያደረገው ነው (አንቀጽ 2127)። በግል ቂም የተነሣ ቅጣት ከዚህ ውጭ ስለሚወድቅ የግል ጥፋት ይሆናል፤ መንግሥትም አይጠየቅበትም። ይህ ለከሳሹ እንግዳ ወጥመድ ነው፦ ክፋቱን ባጎላ ቁጥር፣ ካሳ ለመክፈል አቅም ያለው ተከሳሽ ከእጁ ይወጣል። አንቀጽ 2128 ደንቡን ወደ አስተዳደር ክፍሎችና ሕጋዊ ሰውነት ወዳላቸው የመንግሥት አገልግሎቶች ያሰፋዋል። በሙያተኞች የሚመራ ማኅበር በዚህ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

አንቀጽ 2138 ደግሞ የመንግሥት አባላትና ዳኞች ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ጥፋት እንዳይከሰሱ ይከለክላል። የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚሰሙ ሰዎች ምስክር የሚሰሙና የሚፈርዱ ቢሆኑም በዚህ አንቀጽ ቃል «ዳኛ» አይደሉም፤ ቢሆንም ተመሳሳይ ከለላ ይገባቸዋል ብሎ መከራከር ይቻላል። ከለላው ያለምክንያት አይደለም። ቅጣት በወሰኑ ቁጥር የካሳ ክስ የሚጠብቃቸው ከሆነ የደንበኛውን ገንዘብ የበላ ጠበቃንም ለመንካት ይፈራሉ።

ሌላው እንቅፋት ይርጋ ነው። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (አንቀጽ 2143)። ይግባኙ እስኪያልቅ የጠበቀ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል፤ ቀድሞ የከሰሰ ደግሞ «ቅጣቱ ገና አልተሻረም» ይባላል። ጥፋቱን የማስረዳት ሸክምም የከሳሹ ነው፤ ቅጣቱ በይግባኝ መሻሩ ብቻውን የቀጪውን ጥፋት አያሳይም። የጠፋ ገቢ በደረሰኝና በደንበኞች ውል ሊረጋገጥ ይችላል። ለሞራል ጉዳት ግን አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር በላይ አይፈቅድም፤ ስሙ ለጠፋ ሰው ይህ ገንዘብ ዛሬ ከምንም አይቆጠርም።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ ብዙ ፍርድ ቤቶች የሥነ ምግባር ጉዳይ ለሚሰሙ ሰዎች የዳኛ ዓይነት ከለላ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚድልሴክስ ጉዳይ፣ በኒው ጀርሲ ገና በመካሄድ ላይ በነበረ የሥነ ምግባር ክስ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጣልቃ መግባት እንደሌለባቸው ወስኗል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ከማኅበሩ የተባረረ የአዘርባጃን ጠበቃ የመናገር ነፃነቱና የግል ሕይወቱ መብት ተጥሷል ብሏል፤ እዚያ ተጠያቂው ማኅበሩ ሳይሆን መንግሥት ነበር። በካናዳ የኩቤክ ጠበቆች ማኅበር በቅን ልቦና ለሠራው ሥራ በሕግ የተጠበቀ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 25,000 ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ከሳሿ ግን የተቀጣ ጠበቃ አልነበረችም፤ ማኅበሩ መቅጣት የነበረበትን ጠበቃ ዝም ብሎ በማየቱ የተጎዳች ሴት ነበረች።